ስምንት መቶ ግራም

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከካልጋሪ ቫንኩቨር፣
አርባ ቶን ጎትቼ በበረዶ ስበር፣
ሚዛን ጣቢያ ቆሜ ጭነቴ ሲቆጠር፣
ግራም የሚሉት ነገር
ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ግን ካንሞር ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣
ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መነጽሬን አድርጌ፣
የመኝታ ከረጢት ጀርባውን ገልብጬ
ጥቃቅን ቁጥሮች ላይ ቀረሁ አፍጥጬ።

ጥፋቱ የሶልያና ነው፣ የልጄ፤ ደውላ
«አባ፣ ሦስት ሌሊት ነው፣ ሐይቅ ዳር እንደር» ብላ፣
«ሻንጣህ ከነውሃው አሥር ኪሎ አይለፍ፤
ያን የነብር ብርድ ልብስ እዚያው መኪናህ ላይ እጠፍ!»
እውነቷን ነው፤ ብቻውን አራት ኪሎ ይወጣዋል፤
ነብሩም ቢሆን አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል።

ሻጯ ኖራ ትባላለች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣
ሁለት ከረጢት ዘረጋች፣ አንዱ ካንዱ የበለጠ።
«ይህ ፋይበር ነው፤ ርካሽ ነው፤ ቢረጥብም ያሞቃል፤
ግን ሁለት ኪሎ ሊሞላ ነው፤ ሲታጠፍም ያን ያህላል»
(በሁለት እጇ ሐብሐብ የሚያህል አየር አቀፈች።)
«ይህኛው የዝይ ላባ ነው፤ ከደረቷ፣ ለስላሳው፤
ስምንት መቶ ግራም። ውሃ ግን አታስነካው።»

ዋጋውን አየሁ።
መነጽሬን አወለቅሁ፣ ወለወልሁ፣ መልሼ አየሁ።
ስድስት መቶ ዶላር።
የአንድ ጎማ ዋጋ፣ ያውም የፊት ጎማ።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ጋሽ ቢረሳው ጠይቆን፣
«አንድ ኪሎ ጥጥ፣ አንድ ኪሎ ብረት፣ የቱ ይከብዳል?» ሲለን፣
«ብረት!» ብለን ጮኸን፣ ክፍሉ በሙሉ ተሸውደን።
ጋሽ ቢረሳው፣ መልሱ እኩል አይደለም፤ ላባ ነው የሚከብደው፣
ሚዛን ላይ ሳይሆን ኪስ ላይ ስትጭነው።

«ግባበት» አለችኝ።
ጫማዬን አውልቄ ወለሉ ላይ ተጋደምሁ፤
ዚፑን እስከ አገጬ ሳበችው፤ ተገነዝሁ።
አንድ ሕፃን፣ ከእናቱ እጅ ተንጠልጥሎ፣ አለፈኝ፤
ቆም ብሎ አየኝ፣ ሳቀብኝ።
«እግርህን በፍራሽህ ልክ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ፍራሽ በእግሬ ልክ ተሰፍቶ ገና ዛሬ አየሁት።

መለያው «ከዜሮ በታች ሰባት» ይላል።
ኖራ ራሷን ነቀነቀች፤ «እሱ አትሞትም ማለት ነው፤
ትተኛለህ ማለት ግን ሌላ ነው።»
ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ጠየቀችኝ፤
«አንተስ፣ ስትተኛ ቶሎ ይበርድሃል ወይስ ይሞቅሃል?»

ምን አውቄ!
ሰው የራሱን እንቅልፍ ከየት አይቶት ያውቃል?
አንድ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አስካለ።
በሰላም ነው የተለያየን፣ ሦስት ዓመት ሆነው፤
ሶፋው የሷ፣ ቴሌቪዥኑ የኔ፣
ሶልያና ስትመረቅ ጎን ለጎን ቆመን ፎቶ ተነሳን፣
በቃ።
አንድ እጄን ከላባው አሹልኬ ስልኬን አወጣሁ፣
«ስተኛ ይበርደኝ ነበር?» ብዬ ላክሁ።

መልሷ ቶሎ መጣ፤ ለምን እንኳ አላለች፤
«እግርህ በረዶ ነው። ሌላህ እሳት። ካልሲ አድርግ» አለች።

ገዛሁት። ላባውን። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲም ጨመርሁ።
ኖራ በር ድረስ ሸኘችኝ፤ «ጠቅጥቀህ እንዳታስቀምጠው፤
ላባ ታፍኖ ከኖረ መነፋት ይረሳል፤
ሰፋ ያለ ቦታ ፈልግና ስቀለው።»

ቁምሳጥኑን ከፈትሁ። በግራ በኩል፣
ቀሚሶቿ በነበሩበት፣ ሦስት ባዶ መስቀያ።
ሰቀልሁት።
ሲሰቀል ምኑም አይሞላ፣ የተጨማደደ ነገር፤
ሌሊት ለውሃ ስነሳ ግን
አየር ሲስብ አምሽቶ
የቁምሳጥኑን በር ገፋ አድርጎ ከፍቶታል።